የጅማ ገበያ ጥሬ ቡና፦ ከማን ይገዛ?

ጅማ መርካቶ ውስጥ ቡና ሦስት ዓይነት ሻጭ ጋ ይገኛል፤ መሬት ላይ ጆንያ ዘርግተው በጣሳ የሚሰፍሩ ሴቶች፣ በኪሎ የሚመዝኑ ሱቆችና ቆልተው ፈጭተው የሚሸጡ። በታማኝነት ነጥብ ቢሰጥ ለሴቶቹ ከ5 አራት፣ ለሱቆቹ ሁለት ተኩል።

ሴቶቹ ጨዋ፣ ባለሱቆቹ ሌባ ስለሆኑ ግን አይደለም። በጣሳ ለሚሰፍር ሰው እርጥብ ቡና ብዙም ትርፍ የለውም፤ ገዢዋም የሰፈር ደንበኛ ስለሆነች ነቀዝ ቢገባባት በሚቀጥለው ሐሙስ ገበያ ቡናውን ይዛ ከች ትላለች። (የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ አለመደቃቱን ግን ማየት ነው።) ሚዛን ያለው ፈተናው ሌላ ነው። 12 በመቶ እርጥበት ይዞ 100 ኪሎ የሚመዝን ቡና በ16 በመቶ ወደ 105 ኪሎ ይጠጋል። አምስት ኪሎ ውሃ በቡና ዋጋ! ጎረቤቱ በዚህ ትርፍ ዋጋ ሲሰብር፣ አድርቆ የሚሸጠው ውድ መስሎ ይታያል፤ የሱቅ ኪራይ ሲጨመርበት እሱም ማርጠብ ይጀምራል።

ብልሹነቱ የሚጀምረው ከማሳ ነው። ለቃሚ በኪሎ ስለሚከፈለው፣ ቀዩን መርጦ የሚለቅመው ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርጎ ከሚያራግፈው ያነሰ ያገኛል። ገበሬው ክረምት ላይ እህል ሲያልቅበት ምርቱን ዛፍ ላይ እያለ በርካሽ ይሸጣል፤ ሌባ ሲፈራ ደግሞ ሳይቀላ ያወርደዋል። አረንጓዴው ፍሬ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ሲቆላ ከሌላው መሀል ገርጥቶ ይቀራል፣ የቡናውንም ጣዕም ያበላሻል።

ሲገዙ አንድ ፍሬ መንከስ ነው፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ጥርስ ከገባበት እርጥብ ነው፣ ላስቲክ ውስጥ ከከረመ ይሻግታል። አፈር አፈር የሚሸት መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ይሆናል። የሚያጠራጥር ከሆነ ሩብ ኪሎ ብቻ ገዝቶ መቁላት፤ በመካከለኛ አቆላል ከ15 እስከ 20 በመቶ ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፈ ውሃ ተገዝቷል።

«ኤክስፖርት ነው» የሚል ሻጭ ሲገጥም ፈገግ ብሎ ማለፍ ይሻላል። ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ የኖረ ስለሆነ፣ የሰውዬው ቃል ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም።

የተፈጨ ቡና ባይገዛ ይመረጣል። ገብስ ወይም ሽምብራ ተቆልቶ ቢቀላቀልበት በዓይን አይለይም። የተገዛ ካለ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቆንጠር አድርጎ መበተን፤ ቡናው ለጊዜው ይንሳፈፋል፣ ባዕዱ ቶሎ ይሰምጣል። ጥሬውን ቤት ቆልቶ፣ ወፍጮው ጋ ቆሞ ማስፈጨት ይቻላል።

አዲሱ ምርት ገበያውን የሚሞላው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። ነሐሴ ላይ የሚቀርበው ከርሞ የነጣ ስለሚሆን በአዲሱ ዋጋ አይከፈልበትም።