ለሁለት ሦስት ሰንጋ የትኛው እህል ይሻላል? በቆሎ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃና ማሽላ ጎን ለጎን

በጓሮው ሁለት ሦስት ሰንጋ የሚያደልብ ሰው እህል ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ከብቱ አሁን የሚበላው ሳር ወይም ድርቆሽ ምን ያህል ጥሩ ነው? እህሉን የሚሸረክት ወፍጮስ ቅርብ አለ? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ ምርጫው ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ለጊዜው እህል መግዛት የለበትም።

መጀመሪያ ግርግሙን እዩ

ከብቱ የሚበላው በአብዛኛው ገለባ ወይም የደረቀ አገዳ ከሆነ፣ እህሉ ይቆይ። የገለባ ፕሮቲን ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ጨጓራ ውስጥ ሆነው ገለባውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ደግሞ በመኖው ውስጥ ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸው ይዳከማል። እዚያ ላይ በቆሎ ሲመጣ በቀላሉ ወደሚብላላው የእህሉ ስታርች ይዞራሉ። ገለባው በደንብ ሳይብላላ ይቆያል፤ ከብቱም የሚበላው ይቀንሳል። ገንዘቡ ወጣ፣ ከብቱ ግን ያው ነው።

እንዲህ ላለው ግርግም መጀመሪያ የሚገዛው ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት ነው። ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ ከ25 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ በቀን አንድ ኪሎ እንኳ ከብቱ ገለባውን ራሱን አብዝቶ እንዲበላና እንዲጠቀምበት ያደርጋል። እህል ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሳሩ ለምለም ወይም ድርቆሹ በጊዜው የታጨደ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ፕሮቲን አለ፤ የጎደለው ጉልበት ነው። እህል ዋጋውን የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው።

አምስቱ በአንድ ገበታ

| እህል | ፕሮቲን (በመቶ) | ጉልበት (በቆሎ 100 ቢባል) | በጨጓራ የሚብላላበት ፍጥነት | መሸርከት |
|---|---|---|---|---|
| በቆሎ | 8–9 | 100 | መካከለኛ | ቢሸረከት ይሻላል፤ ባይሸረከትም ይሆናል |
| ገብስ | 11–13 | 95 ገደማ | ፈጣን | ግድ ነው |
| ስንዴ | 12–15 | 100 ገደማ | በጣም ፈጣን | በጣም ሸካራ ተደርጎ |
| አጃ | 11–13 | 85 ገደማ | ፈጣን፣ ግን ገለፈቱ ያረጋጋዋል | ለጥጃ አያስፈልግም |
| ማሽላ | 9–11 | 85–95 | ዝግተኛ | ግድ ነው፤ ከሌሎቹ ደቀቅ ተደርጎ |

ቁጥሮቹ እንደ ዘሩና እንደ ምርት ዘመኑ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ግን ለመግዛት ይበቃሉ።

በቆሎ

ለብዙው ሰው የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ጉልበቱ ከፍተኛ ነው፣ እንደ ስንዴና ገብስ ተጣድፎ አይብላላም፣ ትንሽ ስሕተትንም ይታገሳል። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ፍሬው ትልቅ መሆኑ ነው። ከብት ሲበላው አብዛኛውን በጥርሱ ይሰብረዋል፤ ሲያመሰኳም ይጨርሰዋል። ሳይሸረከት ቢሰጥ የሚባክነው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ወፍጮ ሩቅ ከሆነ፣ ለማጓጓዣና ለማስፈጫ የሚወጣው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

እበት ውስጥ ፍሬ አይቶ የሚደነግጥ ሰው አለ። ፍሬውን በእንጨት ጫን አድርጉት። ብዙ ጊዜ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ተበልቷል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ካልሲየም ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጉድለት የሁሉም እህል ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ገብስ

ገብስን ሳይሸረክቱ መስጠት ገንዘብ መበተን ነው። ገለፈቱ ጠንካራ ስለሆነ ከፍሬው ግማሽ ያህሉ ሳይፈጭ ያልፋል። ከተሸረከተ ግን ሌላ እህል ይሆናል። ጉልበቱ ወደ በቆሎ ይጠጋል፤ ፕሮቲኑ ይበልጣል። ስለዚህ ድርቆሹ መካከለኛ ለሆነና ወፍጮ ለቀረበው ሰው፣ ገብስ ከበቆሎ በዋጋ ቢስተካከልም ያዋጣል። ለፋጉሎ የሚወጣውን ይቀንስለታላ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ እንዲሰበር ብቻ አስፈጩት። ዱቄት ከሆነ በጣም ፈጥኖ ይብላላል፤ አቧራውም ከብቱን ያስለዋል።

ስንዴ

ስንዴ የሚገዛው ሲረክስ ነው። ለዱቄት ፋብሪካ ያልሆነ፣ የተሰባበረ ወይም የቀጨጨ ስንዴ አንዳንዴ ከበቆሎ በታች ይሸጣል። ጥሩ መኖ ነው፤ ግን ቸኩሎ አሲድ ይፈጥራል። ከሚሰጠው እህል ከግማሽ በላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ቀሪው በቆሎ ወይም አጃ ይሁን። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያደልብ ሰው ግን አልመክረውም፤ ርካሽ ቢሆንም።

አጃ

ገለፈቱ ብዙ ስለሆነ ከአምስቱ አደጋው ትንሹ ነው። ጡት ለጣለ ጥጃና እህል ለማያውቅ ወይፈን መለማመጃ የሚሆን ከእሱ የተሻለ የለም። ለመጨረሻው ማድለቢያ ጊዜ ግን ጉልበቱ ያንሳል።

ሲገዛ አንድ ወጥመድ አለ፤ አጃ ቀላል ነው። 100 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ስንዴ 77 ኪሎ፣ በቆሎ 72 ኪሎ ገደማ ሲመዝን አጃ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ በጆንያ ወይም በቆርቆሮ ስፍር አትግዙ። ሚዛን ላይ ይውጣ። ሲሰጥም እንደዚያው ነው፤ የአጃው ጣሳ በስንዴ ከተሞላ ከብቱ በአንድ ጊዜ ዕጥፍ ሊጠጋ የሚችል እህል በላ ማለት ነው።

ማሽላ

ፍሬው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ያልተፈጨው እንዳለ ይወጣል። ጥቁር ቡናማ፣ ወፍ የማይደፍረው ዓይነት ደግሞ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ይመራል፣ ፕሮቲኑንም ይይዛል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ማሽላ፣ በደንብ የተፈጨ፣ ከበቆሎ ቢያንስ 10 በመቶ ረክሶ ከተገኘ ግዙት። ካልሆነ እለፉት።

ፉርሽካስ?

ስንዴ ሲፈጭ የሚቀረው ገለፈት ነው፤ እህል አይደለም፣ ግን ከእህል ጋር ስለሚሸጥ ይነጻጸር። ፕሮቲኑ ከ15 እስከ 17 በመቶ ነው። ስታርቹ ትንሽ ስለሆነ ጨጓራን አይረብሽም። ጉልበቱ የበቆሎ አራት አምስተኛ ያህል ነው። በቆሎና ፉርሽካ ተደባልቀው አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናሉ፤ ለትንሽ አድላቢ ይህ ድብልቅ ከየትኛውም ነጠላ እህል ይሻላል ባይ ነኝ። ፉርሽካ ብቻውን ከበዛ ግን ፎስፈረሱ ከፍተኛ ነው።

እዚህ ላይ ነው የካልሲየሙ ጉዳይ የሚመጣው። በእህልም በፉርሽካም ፎስፈረስ ከካልሲየም ብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሆን ያለበት ግን ካልሲየሙ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ በልጦ ነው። ሚዛኑ ሲዛባ ወንድ ከብት፣ በተለይ የተኮላሸው፣ የሽንት ጠጠር ይይዘዋል። መሽናት አቅቶት ያምጣል፤ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ ይቆያል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ከእህሉ ጋር መቀላቀል፣ ጨውና በቂ ውኃ ማቅረብ። የተቃጠለውን የግንባታ ኖራ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ያቃጥላል።

ዋጋውን እንዴት እናወዳድር?

የበቆሎ ኪሎ ዋጋ 100 ነው እንበል። በጉልበት ብቻ ከታየ ገብስ እስከ 95፣ አጃ እስከ 85፣ ፉርሽካ እስከ 80 ቢሸጥ እኩል ነው። ፕሮቲን የሚጎድላችሁ ከሆነ ለገብስና ለፉርሽካ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ክፈሉ። የማስፈጫውን ወጪ መደመር አትርሱ፤ ማሽላን ብዙ ጊዜ የሚጥለው እሱ ነው።

ከዚያ እርጥበት አለ። 18 በመቶ እርጥበት ያለው በቆሎ የገዛ ሰው ውኃ ገዝቷል፤ ያውም የሚሻግት። ለማከማቸት ከ14 በመቶ በታች መሆን አለበት። መለኪያ ከሌለ ፍሬውን ንከሱት፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም። እጃችሁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክንድ አስገቡ። ከውስጥ ሞቅ ካለ ወይም ሻጋታ ከሸተተ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ተዉት።

ስንት፣ እንዴት?

ጥሩ ሳር ላለው ከብት፣ ከክብደቱ እስከ ግማሽ በመቶ የሚሆን እህል ሳሩን ብዙም ሳያስተወው ጉልበት ይጨምርለታል። 300 ኪሎ ለሚመዝን ሰንጋ ይህ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ለማድለብ ወደ 1 በመቶ፣ ማለትም ወደ 3 ኪሎ መድረስ ይቻላል። ከዚያ በላይ መሄድ ይቻል ይሆናል፤ ግን ለጓሮ አድላቢ ትርፉ ከአደጋው ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

በግማሽ ኪሎ ጀምሩ። በየሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ጨምሩ። 3 ኪሎ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ አትቸኩሉ። ጠዋትና ማታ ከፍላችሁ፣ ድርቆሽ ካስቀደማችሁ በኋላ ስጡ። እህል በድንገት ሲበዛ ጨጓራው አሲድ ይሞላል። ከብቱ ማመስኳት ያቆማል፣ እበቱ ቀጥኖ ግራጫና አረፋማ ይሆናል፣ ይንገዳገዳል። ያን ጊዜ እህሉን አቁሙ፣ ድርቆሽ አቅርቡ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ሰብሮ ገብቶ የእህል ጆንያ ያገኘ ከብት ከሆነ ምልክቱን እንኳ አትጠብቁ።

ከብቶቹ ሁሉ እኩል መብላታቸውም ይታይ። ለእያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የገንዳ ቦታ ካልተሰጠ ጉልበተኛው የሁለት ከብት እህል ይበላል፤ የሚታመመውም እሱ ነው።

ለ100 ቀን ማድለቢያ፣ በቀን በአማካይ 2.7 ኪሎ ቢታሰብ፣ ለአንድ ሰንጋ 270 ኪሎ ያህል ይበቃል። ደረቅና ነቀዝ የማይገባበት ማስቀመጫ ካለ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግዙት። መሃል ላይ በቆሎው አልቆ ስንዴ የሚተካ ሰው፣ ኪሎው አንድ ቢሆንም ከብቱን እንደ አዲስ ማለማመድ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ስሌት ለሚሰለቸው ሰው በፋብሪካ የተዘጋጀ ድብልቅ መኖ አለ። ኪሎው ይወደዳል፣ ግን ማዕድኑም ፕሮቲኑም ተስተካክሎ ይመጣል። ከመክፈላችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። ዩሪያ ካለው ለትንንሽ ጥጃ አይሰጥም። ሞኔንሲን (መኖ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት) የሚል ካለበት ደግሞ ለከብት ቢጠቅምም ለፈረስ ገዳይ ነው፤ በግቢያችሁ ፈረስ ካለ ጆንያው የማይደርስበት ቦታ ይቆለፍ።