«በአንድ ሰዓት ትወስዳታለህ» ላላችሁ ጋራዥ ሞተራችሁን አትስጡ

ባሕር ዳር አሮጌ ሞተር የምትነዱ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ብሎን ለማንም አታስነኩ። እኔን 9,000 ብር ሊያስከፍለኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሞተሬ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም። ከዘጌ ስመለስ ማርሚታዋ ቴስታታው (የኢንጂኑ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው) ጋ በሚገጥምበት ቦታ መተንፈስ ጀመረች። ሥራው በወጉ ሁለት ዳዶ ፈትቶ መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መቀየር ነው። ዳዶዎቹ ግን ከብሎኖቹ ጋር ዝገት አጣብቋቸዋል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «በአንድ ሰዓት ትወስዳታለህ፣ 800 ብር» አለኝ መካኒኩ። ግማሹን ቀብድ ሰጠሁት።

ቡና ጠጥቼ ስመለስ ቴስታታው ወርዷል። ሁለቱም ብሎኖች ከአሉሚኒየሙ እኩል ተቆርጠዋል። አንደኛው ይባስ ብሎ መሃሉን ስቶ ተሰርስሯል፤ ውስጡም የብሎን ማውጫው (የተበሳ ጉቶ ውስጥ ገብቶ እያዞረ የሚያወጣው ቀጭን መሣሪያ) ተሰብሮ ቀርቷል።

«የሐይቁ እርጥበት ነው የበላው» አለኝ። ጣና እኮ ጨው የለውም! ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ዝናብ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ያ ነው ጥርሱን አንቆ የሚይዘው። አዲስ አበባም ብትሆን ያው ነው።

ከዚያ ዋናው ንግድ መጣ። «ቴስታታው አልቋል። እኔ ጋ ያገለገለ አለ፣ 9,000 ብር። የድሮውን እዚሁ ተወው፣ ለቁራሌው ነው።» እዚህ ላይ ነቃሁ። ለቁራሌው የሚሆን ነገር ምን ያደርግለታል?

ቴስታታዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና ሳቁ። «ልጄ፣ ወፍራሙ ብሎን ሲጠመዘዝ ከተቆረጠ፣ እሱ ውስጥ የገባው ቀጭን ማውጫ እንዴት ይችለዋል?» አሉኝ። ማውጫው ደግሞ እጅግ ጠንካራ ብረት ስለሆነ አንዴ ውስጥ ከተሰበረ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም።

ያልተበሳውን ብሎን ዓይኔ እያየ አወጡት። ጉቶው ላይ ዳዶ አስቀምጠው መሃሉን በብየዳ ሞሉት። ብየዳው ብረቱን እንጂ አሉሚኒየሙን አይዝም። ትንሽ እስኪበርድ ጠብቀው ዳዶውን በቁልፍ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ። ወጣ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የተበላሸውን ግን በካርባይድ መሰርሰሪያ ሲታገሉት ዋሉ፤ ቀዳዳውን አስፍተው ጥርስ ያለው ቦኮላ (ብሎኑ የሚታሰርበት ቀለበት) አስገቡለት። ለሁለቱም 2,500 ብር ከፈልኩ። ቴስታታው «አልቋል» የተባለው ነው እንግዲህ።

ሞተራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት መካኒኩን «እንዴት ነው የምታወጣው?» በሉት። መልሱ «በጉልበት» ወይም «እንበሳዋለን» ከሆነ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። ያልተቆረጠ ብሎን መጀመሪያ ዘይት ይጠጣል፤ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መንጠብ ጥሩ ይሠራል። አሴቶን እሳት ይስባል፤ ሳይደርቅ ችቦ እንዳታስጠጉበት። ቀጥሎ ሙቀት ነው፤ ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ይላላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ሳታስቡት ነው የሚቀልጠው። ብየዳው ቴስታታው ሳይወርድ ሞተሯ ላይ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው ይነቀል።

መበሳት የመጨረሻው መንገድ ነው። ያኔም መሃሉ በፑንቶ (ነጥብ ማውጫ ሹል ብረት) ተመትቶ፣ ከተገኘ ወደ ግራ በሚዞር መሰርሰሪያ፣ በቀስታ። አንዳንዴ መሰርሰሪያው ራሱ ብሎኑን ይዞት ይወጣል።

አሮጌውን ዕቃ ደግሞ ጥላችሁ አትሂዱ። ያ መደርደሪያ ላይ የነበረው የ9,000 ብር ቴስታታ የማን እንደነበር እስከዛሬ አስባለሁ።

ቀብዴን ልጠይቅ ተመልሼ ነበር። መካኒኩ የቶርኖ ቤቱን ሥራ ትክ ብሎ አየና «ታዲያ ብሎኖቹ ወጥተው የለ እንዴ?» አለኝ።