ከአይጠየፍ በታች ያለችው ጠላ ቤት

ደሴ ውስጥ ጥሩ ጠላ የት አለ ለሚለኝ ሰው የምነግረው አንድ ቤት ነው። ከአይጠየፍ አዳራሽ ቁልቁል ስትወርዱ በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ተደፍቶበታል። ግቡ። ሌላ ማስታወቂያ የላትም፤ እኛም የእትዬ ቤት ነው የምንላት።

ቤቷ ጠባብ ናት። የጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን መደብ፣ መሀል ላይ አግዳሚ ወንበር። ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ቦታ የለም ተብሎ የተመለሰ አላየሁም።

ወደ ጠላው ልምጣ። እትዬ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው ያጥባሉ፤ ከዚያ በወይራ ያጥኑታል። ጌሾና ብቅሉን ጠንስሰው፣ እንኩሮውን ጨምረው፣ ድፍድፉ እስኪበስል አይቸኩሉም። የሚቸኩል ቤት አለ፤ ጠጪው በማግስቱ በራስ ምታቱ ያውቀዋል። የእትዬ ጠላ ጠቆር ያለ ነው። መጀመሪያ ወይራው ይሸታል፣ ኋላ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ይቀራል። ቅራሪውን ከዋናው ጋር አይደባልቁም። የፈለገ ለብቻው በርካሽ ይጠጣል።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወድላቸው ቀሪቦውን ነው። ከተቆላ ገብስ ይሠራል፣ አያሰክርም። ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው በሌላ እንስራ ያዘጋጁታል። ጣሳውም ለብቻ ነው፤ ከጠላው ጣሳ ጋር አይነካካም፣ አብሮም አይታጠብም። ከአሱር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው እሱን ይጠጣሉ። ወሬው ግን የሁላችንም ነው፤ ከውስጥ የተጀመረ ክርክር ውጭ ይጨረሳል።

ሰፈሩ የግብር ሰፈር ነው። በ1906 ዓ.ም. የነገሡት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉ የነበረው አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጠጅ የመኳንንቱ ነበር፤ ጠላ ግን ያኔም የሁሉም ነው። ይህችን ቤት የጀመሩት የእትዬ እናት ናቸው።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲገባ እትዬም እንደ ብዙው ሰው ወጡ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲለቀቅ ተመለሱ። ጋኖቹ ተሰባብረው ነበር፣ እህሉም የለም። ገብስ ያዋሷቸው እነዚያው ቀሪቦ ጠጪዎች ናቸው። ቤቷ እንደገና ስትከፈት መጀመሪያ የቀረበው ቀሪቦ ነበር። ጠላው እስኪደርስ ሁላችንም እሱን ጠጣን። ያን ሰሞን የቀመስኩት ቀሪቦ ዛሬም አፌ ላይ አለ።

የሚጎድላትም አለ። ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፣ ማታ መብራት የለውም። ከቆሎ ሌላ የሚበላ አታገኙም። ሰኞ ገበያተኛው ስለሚበዛ ከሰዓት ከመጣችሁ ጠላው ሊያልቅባችሁ ይችላል፤ ጠዋት ሂዱ።

አሁን አሁን የምትጠምቀው ልጃቸው ናት። በቅርቡ የቀመስኩት የእሷ ጠላ ጌሾ በዝቶበታል። አስተጣጠኑ ላይ ግን ከእናቷ አታንስም።