ከፍ ባለ ፒክአፕ ላይ 285/70 አር 17 ጎማ፦ ከ14 ወር በኋላ

መኪናዬ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። ከፊት ሞላና አሞርዛተር፣ ከኋላ ባሌስትራ ቀይሬ 2 ኢንች ከፍ አስደረግሁት። ከዚያ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን 265/65 አር 17 ጎማ አውጥቼ 285/70 አር 17 (ስፋቱ 285 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች) አስገባሁ፤ ባለ 10 ፕላይ (ለከባድ ጭነት የተጠናከረ)፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን ኦል ቴሬይን። ይኸው 14 ወርና 22,000 ኪሎ ሜትር ሆነው።

እንድገዛ ያሳመነኝ ነገር አንድ ነው፤ ዛሬም በእሱ አልተጸጸትኩም። ሊፍት፣ ማለትም መኪናውን በሞላና በባሌስትራ ከፍ ማድረግ፣ የሚያነሳው ሻንሲውንና ጋቢናውን ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። የድሮው ጎማ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር፣ የአዲሱ 831 ነው። ልዩነቱ 55 ሲሆን ዲፈረንሻሉ ግማሹን ያገኛል፣ 27 ሚሊ ሜትር። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ከባድ መኪኖች ግራና ቀኙን ቆፍረው መሃሉን ቁልል ባደረጉት የአፈር መንገድ ላይ ግን ድሮ ገጭ እያለ ልቤን ያቆስለው የነበረው ዲፈረንሻል አሁን ሳይነካ ያልፋል።

የገጠመልኝ ጋራዥ “2 ኢንች ከፍ ካለ 285 ምንም አይነካም” ብሎኝ ነበር። ልክ አልነበረም። ቀጥ ብዬ ስሄድ ሰላም ነው። በሦስተኛው ቀን ግን መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ ወደ ኋላ ስመልስ ክርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። በባትሪ ብርሃን ከስር ገብቼ ሳይ፣ ከፊት ጎማው ጀርባ ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ብረት ጫፉ ቀለሙን ለቆ እንደ መስታወት ያበራል፤ የጎማው ትከሻ ላይ ደግሞ ቀጭን ጭረት አለ። ብዙ ሰው ሊፍት ይህን የሚፈታ ይመስለዋል። ጎማው ሲዞር የሚነካው ከኋላው ያለውን ነው እንጂ ከላዩ ያለውን አይደለም። እኔን የገላገለኝ አላይመንት ነው፤ ካስተሩ (የፊት እግር መዞሪያው ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን) ተጨምሮ የፊት እግሮቹ ትንሽ ወደ ፊት ወጡ፣ የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክም ጠርዙ ተቆረጠ። እግረ መንገዱን መሪው በረጅም መንገድ ላይ ረጋ አለልኝ። ቸርኬውን ባለመቀየሬም ደስ ይለኛል። ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ባደርግ ኖሮ ጎማው ሲዞር የሚጠርገው ቦታ ይሰፋ ነበር፤ መነካካቱም ይብስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ክብደት። ሲቀየሩ ሁለቱንም ሚዛን ላይ አውጥቻቸው ነበር፤ የድሮው 17 ኪሎ፣ አዲሱ 25። በእያንዳንዱ እግር 8 ኪሎ ተጨመረ፣ ያውም የሚሽከረከር፣ ከመሃሉ የራቀ ክብደት። ከቁመቱ በላይ የተሰማኝ ይህ ነው። ስነሳ መኪናው ተኝቶ ይነሳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ድሮ ከምይዝበት ቀደም ብዬ መያዝ ለምጃለሁ። ዳገት ላይ ካምቢዮው ከስድስተኛ ወደ አራተኛ ይመላለሳል፤ ጎማው ስለረዘመ፣ 3.9 የነበረው የዲፈረንሻል ሬሾ (ጉልበት የሚያበዛው የጥርስ ምጣኔ) አሁን 3.64 እንደሆነ ቁጠሩት።

ነዳጅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድሮ በ70 ሊትር 660 ኪሎ ሜትር እሄድ ነበር፤ አሁን ቆጣሪው 560 ይላል። ደንግጬ ነበር። ነገር ግን ጎማው በ7 በመቶ ስለረዘመ ቆጣሪው አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። በመንገድ ዳር ምልክቶች ስለካው 100 ኪሎ ሜትር ሄጄ 93.5 ጻፈልኝ። ስለዚህ እውነተኛው ርቀት 599 ነው። ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር ከ10.6 ሊትር ወደ 11.7 አደገ ማለት ነው። መጨመሩ ጨምሯል፣ ቆጣሪው እንደሚያስፈራራው ግን አይደለም። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ ድሮ 100 ሲል በጂፒኤስ 96 ነበርኩ፣ ዛሬ 103 ነኝ። የዘይት መቀየሪያ ጊዜንም በእውነተኛው ኪሎ ሜትር አስሉት።

ንፋሱን በበሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር አትሙሉ፤ እሱ የተጻፈው ለድሮው ጎማ ነው። እኔ ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጠመኔ አስምሬ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብዬ ነዳሁ። 40 ፒኤስአይ ላይ መሃሉ ብቻ ጠፋ፤ 35 ላይ እኩል ጠፋ። ባዶ ስሆን በ35፣ ስጭን ከኋላ በ42 እሄዳለሁ።

ስኮርታውን ያሰብኩበት ዘግይቼ ነው። አዲሱ መጠን በእኔ መኪና ከስር አልገባ ስላለ የድሮውን ትቼው ነበር። አንድ ምሽት የኋላ ጎማዬ በሹል ብረት ተበሳ። ትንሹን ከኋላ ባስር ዲፈረንሻሉ ያለ እረፍት ይሠራል፤ ስለዚህ አንዱን የፊት ጎማ ወደ ኋላ አምጥቼ ትንሹን ከፊት አሰርኩ፤ መኪናው በሁለቱ የኋላ እግሮች ብቻ እየተነዳ፣ በቀስታ 40 ኪሎ ሜትር ተጓዝኩ። ክሪኩን በጨለማ ሁለቴ ማስነሳት ደስ አይልም። አሁን አምስተኛው ጎማ በጭነቱ ቦታ ተኝቶ ይሄዳል፤ በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ አምስቱንም አዟዙራለሁ።

ጥርሱ አዲስ ሳለ 12 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ዛሬ 8.5 ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ አምነዋለሁ፣ ጠጠር ላይ ደግሞ ጎኑ አንዴም አልተቀደደም። ድምፁ ከ80 በላይ ይሰማል፣ አይረብሽም።

ሲያልቅ ግን ይህንኑ አልደግምም። እኔ ሁልጊዜ ከባድ ጭነት የምጭን ሰው አይደለሁም፤ ባለ 10 ፕላዩን የመረጥኩት ጥንካሬ ስለሚባል ብቻ ነበር። ቀጣዩ 275/70 አር 17፣ የመኪናውን ጭነት የሚችለው ቀለል ያለው ዓይነት ይሆናል። ከአሁኑ ቁመት 14 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ ዲፈረንሻሉ የሚያጣው 7 ብቻ ነው።