አሮጌ ዲቲ ወይስ ኤክስኤል?

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ማደስ የሚወድ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፤ 125 ሲሲ ያማሃ ዲቲ ይሻላል ወይስ ሆንዳ ኤክስኤል?

እድሳት፦ ዲቲ ይቀላል። ሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ ሲወርድ ዙሩን የሚጨርስ) ሞተር ስለሆነ አናቱ ላይ ቫልቭ የለም፤ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ከተገኘ አብዛኛው ሥራ አለቀ። የኤክስኤል ቫልቭና ቫልቩን የሚያሠራው ሰንሰለት ግን ጣጣ አለው።

ስጋት፦ ዲቲ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል። የዘይት ጋኑ ከደረቀ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም!

ከፍታችን 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሁለቱም ቤንዚን ይበዛባቸዋል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፍቱና እዩት። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በአነስተኛ ቀይሩ። ቡናማ ከሆነ አትንኩት።

እጁን ማፍታታት ለሚፈልግ ጀማሪ ዲቲ ይስማማዋል። ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ደርሶ ለሚመለስ ግን ኤክስኤል፤ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ድምፁም አይረብሽም።