ለሁለት የሚሆን ጠመንጃ፣ ለሁለት የሚሆን መድፍ

ዒላማ መተኮስ የሚወድ ሰው የትዳር አጋሩን ወደ መስኩ ሲያመጣ ብዙውን ጊዜ የሚያቀብለው የራሱን ጠመንጃ ነው። ያ ጠመንጃ የተመረጠው ግን ለሌላ ክንድ፣ ለሌላ ትከሻና ድምፅ ለለመደ ጆሮ ነው። ጀማሪው ክብደቱን ለመሸከም ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ ከፍንዳታው በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጥቂት ተኩሶ ይመልሰዋል። ችግሩ የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የመሣሪያው ምርጫ ነው። የጋራ መሣሪያ በጀማሪው ልክ መመረጥ አለበት። ሁለቱም ማንንም ሳይጠሩ ከሳጥን አውጥተው፣ አቀባብለው፣ ተኩሰውና ጠርገው መመለስ ካልቻሉ መሣሪያው የአንዱ ነው፤ ሌላው እንግዳ ነው።

በዚህ መስፈርት ሁለት ዕቃዎችን እንመልከት፦ የጀርመኑን የአየር ጠመንጃ ቫይራውኽ ኤችደብልዩ 30 ኤስን እና በካርባይድ ጋዝ የሚጮኸውን የአሜሪካ መድፍ ቢግ-ባንግን።

ቫይራውኽ እ.ኤ.አ. በ1899 የተመሠረተ ፋብሪካ ነው። ኤችደብልዩ 30 ኤስ ከትንንሽ የአየር ጠመንጃዎቹ አንዱ ሲሆን ክብደቱ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። በአሜሪካ ቢማን አር 7 በሚል ስም ተሽጧል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቧንቧውን ወደ ታች ሲሰብሩት ሞላው ይጨመቃል፤ ቃታው ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደፊት ያስወነጭፋል፤ የታመቀው አየር ጥይቱን ይገፋል። ባሩድ የለም፣ የጋዝ ጠርሙስ የለም፣ የአየር መሙያ ፓምፕም አያስፈልግም።

የመረጥነው በአንድ ትልቅ ምክንያት ነው፦ ሞላው ለስላሳ ነው። ኃይለኛ የሞላ ጠመንጃዎች ለማቀባበል ጉልበት ስለሚጠይቁ ከሃያ ተኩስ በኋላ የደከመ ክንድ ዒላማ ላይ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ግን ቀጠን ያለ ክንድ ያለው ሰውም የ10 ሜትር ውድድር የሚጠይቀውን 60 ተኩስ ሳይዝል ይጨርሳል። ሴቶችም እንደ ወንዶቹ 60 መተኮስ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አንድ ሴትና አንድ ወንድ ተጣምረው የሚወዳደሩበት የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድርም እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ገብቷል። ለባልና ሚስት ከዚህ የተሻለ የስፖርት ዓይነት ማሰብ ይከብዳል። በዚያ ርቀት የ10 ነጥቡ ክብ ስፋት 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የጥይቱ ውፍረት ደግሞ 4.5። ስለዚህ የጉልበት ልዩነት ምንም ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ብርታቱ ሬኮርድ የሚባለው ቃታ ነው። ሁለት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ በቀላሉ ይመጣል፣ ከዚያ ግልጽ በሆነ ቦታ ይቆማል፣ ቀጥሎ ትንሽ ሲጫኑት ይለቃል። ጀማሪ ቃታ ነጥቆ እንዳይስብ የሚያስተምረው ይህ ማቆሚያ ነው። ማስተካከያ ብሎኑን በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር በላይ አታዙሩት፤ ካዞራችሁ በኋላም በወረቀት ዒላማ ላይ ፈትሹት። ከመጠን በላይ የላላ ቃታ አደገኛ ነው። ደግሞም የቃታው ክብደት፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቀው ጫና፣ ሁለቱም የተስማሙበት ላይ ይቁም፤ አንዱ በየጊዜው ለራሱ እያላላ ሌላው ሳያውቅ እንዲያነሳው ማድረግ ክልክል ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ይህ ጠመንጃ ቧንቧው ተሰብሮ ሳለ ቃታው እንዳይሳብ የሚከለክል መቆለፊያ የለውም። ጥይት እያስገባችሁ ቃታው ቢነካ ቧንቧው በኃይል ተመልሶ ጣት ይቆርጣል ወይም ይሰብራል። መከላከያው ልማድ ነው፦ ጥይቱ ገብቶ ቧንቧው እስኪዘጋ ድረስ አንደኛው እጅ ቧንቧውን አይለቅም፣ ሌላው እጅም ወደ ቃታው አይቀርብም። ሲቀባበል ራሱን የሚቆልፈው የጥንቃቄ ቁልፍ ጥሩ ነው፤ እጅን ግን አይተካም። የዚህ ጉድለት ሌላኛው ገጽታ ይጠቅማል፦ ሐሳብ ሲቀየር ቧንቧውን አጥብቆ ይዞ፣ ቃታውን ስቦ፣ በዝግታ በመመለስ ሞላውን ማላላት ይቻላል። ይህንን ሁለታችሁም ያለ ጥይት ደጋግማችሁ ተለማመዱት።

ባዶውን መተኮስ ግን ፈጽሞ የለም። ጥይት ከሌለ ፒስተኑን የሚያለዝብ የአየር ትራስ ስለማይፈጠር በፒስተኑ ጫፍ ያለው ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያፈስ የሚያሽገው) ከብረቱ ጋር ተላትሞ ይጎዳል። አዲስ ጠመንጃ በመጀመሪያዎቹ በርካታ ተኩሶች ጭስና የዘይት ሽታ ያወጣል፤ ይህ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ሲቃጠል ነው፣ ያልፋል። ጭሱን አይቶ ዘይት መጨመር ትልቅ ስህተት ነው፤ በመጭመቂያው ክፍል የገባ ዘይት እንደ ናፍጣ ሞተር በግፊት ይቀጣጠልና ሞላውንና ጓርኒሲዮኑን ይጎዳል።

ትናንት በደንብ የመታ ጠመንጃ ዛሬ ከበተነ ማነጣጠሪያውን አትንኩ፤ መጀመሪያ የእንጨቱን ብሎኖች ፈትሹ። የሞላ ንዝረት ያላላቸዋል፤ በተለይ ከፊት በኩል በግራና በቀኝ ያሉትን። ልክ በሆነ ካቻቪቴ በልኩ ማጥበቅ ነው፤ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ እንጨቱን ይሰነጥቃል። እነሱ ደህና ከሆኑ የቧንቧው መጋጠሚያ ጓርኒሲዮን ላይ ስስ የመጸዳጃ ወረቀት አስቀምጣችሁ ተኩሱ። ወረቀቱ ከተነፋ አየር እያፈሰ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ይቀየር።

አያያዙም ከሌላ ጠመንጃ ይለያል። የሞላ ጠመንጃ ወደ ኋላም ወደፊትም ስለሚራገጥ አጥብቀው ሲይዙት ይበትናል። የፊተኛው እጅ መዳፉን ዘርግቶ እንደ ትራስ ይሸከመው፤ ሰደፉ ትከሻን ይንካ እንጂ አይጫነው። እዚህ ላይ ጀማሪው ብዙ ጊዜ ልምድ ካለው ይበልጣል፤ የለመደው ሰው የትልቅ ጠመንጃ ጭብጡን መተው ይቸግረዋል። ይኸው ወዲያና ወዲህ የሚል ርግጫ ተራ ቴሌስኮፖችን ይሰብራል፤ ለሞላ ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ አትግጠሙ። በእኔ ግምት ቴሌስኮፑ መጀመሪያ ላይ አያስፈልግም። ከጠመንጃው ጋር የሚመጣው ማነጣጠሪያ ወደ ጎንም ወደ ላይም የሚስተካከል ነው፤ ለ10 ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

የጋራ ጠመንጃ ላይ የሚረሳው የሰደፉ ርዝመት ነው። ተኳሹ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ ሰደፉን ከክርኑ እጥፋት ላይ ሲያስቀምጥ፣ የጠቋሚ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ ማረፍ አለበት። ጣቱ ከጎደለ ሰደፉ ረዝሞበታል ማለት ነው። የጋራውን ርዝመት ለአጭሩ ሰው አድርጉት፤ ረጅሙ ሰው ተንሸራቶ የሚገባ የጎማ ጫማ ሰደፉ ላይ ይጨምራል። አጭሩ ሰው ግን እንጨት መቁረጥ አይችልም። የሚያይበትን ዓይንም ፈትሹ፦ ሁለት እጅ ዘርግቶ በመዳፎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ ሩቅ ያለ ነገር በሁለት ዓይን ማየት፣ ከዚያ አንዱን ዓይን መጨፈን። ነገሩ ከቀዳዳው ሳይጠፋ የሚቆየው በሚመራው ዓይን ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሆኖ ግራ ዓይኑ የሚመራ ሰው በመነጽሩ ግራ መስታወት ላይ ደብዛዛ ቴፕ ይለጥፍ፣ ወይም በግራ ትከሻው ይልመድ።

በጥይት በኩል ለወረቀት ጠፍጣፋ አናት ያለው ይሻላል፤ የሚበሳው ቀዳዳ ንጹሕ ስለሆነ ነጥብ አያከራክርም። ወደ 25 ሜትር ሲሄዱ ክብ አናት ያለው፣ ለምሳሌ 0.547 ግራም የሚመዝነው ጄኤስቢ ኤግዛክት ይመረጥ። ጥይቱ እርሳስ ስለሆነ ከተኩስ በኋላ ሳይበሉ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት እርሳስ ጨርሳ አትንካ፤ ከቆርቆሮ የተሠራ ጥይት ይገዛ፣ ከዒላማው ኋላ ጥይቱን የሚይዘውን ሳጥንም ሌላው ሰው ያጽዳ። የዓይን መከላከያ ለተኳሹም ለተመልካቹም ነው፤ ጠንካራ ነገር የመታ የእርሳስ ጥይት ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

መድፉ ሌላ ጨዋታ ነው። ብዙ የመድፍ ወዳጆች የሚመኙት በባሩድ የሚሠራውን ነው፤ ለሁለት ጀማሪዎች ግን አልመክረውም። ከአንድ ተኩስ በኋላ በቧንቧው ውስጥ የቀረች ትንሽ ፍም ቀጣዩን ባሩድ ገና ሲጠቀጠቅ ልታቀጣጥለው ትችላለች፤ እጅ የሚያሳጣው ይህ ነው። በእርጥብ መጥረጊያ ማጥፋት፣ በደረቁ መድገም፣ መጠበቅ፣ ከአፈሙዙ ፊት አለመቆም፣ ይህ ሁሉ ከሠለጠነ ቡድን ጋር የሚማሩት ነው።

ቢግ-ባንግ ይህን ሁሉ ይዘለዋል። መነሻው የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1907 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የጋዝ መድፍ ነው። ሆዱ ውስጥ ውሃ ይገባል። ከኋላ ያለው መጋቢ ቤንግሳይት የተባለውን የካልሲየም ካርባይድ ዱቄት በልኩ ውሃው ላይ ይጥላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አሴቲሊን ጋዝና ኖራ ይወጣሉ። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ የጭረት ቁልፉ ሲጫን ድንጋዩ ብልጭታ ይሰጣል፤ መድፉ ይጮኻል። ከአፈሙዙ የሚወጣው ነበልባልና ድምፅ ብቻ ነው። ምንም ነገር ወደ ቧንቧው አይገባም፤ ኳስም፣ ወረቀትም፣ ጨርቅም። አካሉ የተሠራው ክፍት አፍ ይኖረዋል ተብሎ ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት «ብዙ ካርባይድ፣ ብዙ ድምፅ» ብለው ነው። አሴቲሊን ከአየር ጋር 2.5 በመቶ ሲሆን ጀምሮ ይቀጣጠላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚቃጠለው ግን 7.7 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ውጤቱ ቢጫ ነበልባል፣ ጥቁር ጥላሸትና «ፉፍ» የሚል የደከመ ድምፅ ነው። ስለዚህ አንድ መጠን ይበቃል። በተከታታይ ሲተኮስ ሁለተኛው ከደከመ ምክንያቱ ሆዱ ውስጥ የቀረው የተቃጠለ ጋዝ ነው፤ ንጹሕ አየር እስኪገባ ጊዜ ስጡት።

ጨርሶ ካልጮኸ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ድንጋዩ አልቋል ወይም ርሷል፣ ካርባይዱ እርጥበት አግኝቶ ሞቷል፣ ወይም አየር የለም። በዚህ ጊዜ ሌላ መጠን መጨመርም ወደ አፈሙዙ ጎንበስ ብሎ ማየትም አይገባም። አፉን ከሰው አርቁ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ጠብቁ፣ አናፍሱት፣ ከዚያ እንደ አዲስ ጀምሩ።

ለሁለት የተመቸ ያደረገው የሥራ ክፍፍሉ ነው። አንዱ ውሃና ካርባይድ ይመግባል፤ ሌላው ቁልፉን ይይዛል። መጋቢው እጁን አንስቶ «ዝግጁ» ሳይል ቁልፍ የያዘው አይጫንም፤ «አቁም» ግን ማንም፣ በማንኛውም ጊዜ ይላል፣ ምክንያትም አይጠየቅም። ከየጥቂቱ ተኩስ በኋላ ቦታ ተለዋወጡ። ሁሌም ቁልፉን የሚይዘው አንድ ሰው ከሆነ ሌላው ረዳት ሆኖ ይቀራል፤ ረዳት ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል።

ለጆሮ መከላከያ ቸልታ የለም። ለድንገተኛ ድምፅ የሚጠቀሰው ጣሪያ 140 ዴሲቤል ነው። መሰኪያና ከላይ የሚጠለቅ መከላከያ በአንድነት ማድረግ ይቻላል፤ ግን የሁለቱ ድምፅ የመቀነስ ቁጥር አይደመርም፣ ትርፉ 5 ዴሲቤል ገደማ ነው። መድፉን ከግድግዳ ጥግ አርቃችሁ ክፍት ሜዳ ላይ አድርጉት፤ በቤት ውስጥ አይተኮስም።

ጽዳቱ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ዋናው ድካሙም ይህ ነው። የቀረው ነጭ ዝቃጭ ኖራ ስለሆነ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ካደረ ደግሞ ይጠነክራል። በዚያው ቀን ደፍታችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት። የመዳብ ብሩሽ አትጠቀሙ፤ አሴቲሊን ከመዳብ ጋር ሲገናኝ በንክኪ የሚፈነዳ ነገር ሊፈጠር ይችላል። ካርባይዱ በጥብቅ በተዘጋ ደረቅ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከውሃ ቧንቧ ርቆ ይቀመጥ። እሳት ቢይዘው በደረቅ አሸዋ እንጂ በውሃ አይጠፋም፤ ይህን ሁለታችሁም ሳትጠያየቁ የምታውቁት ይሁን።