ሁለት የሽጉጥ ካዝና ገዛን፣ አንዱን መለስን፦ ልጆች ላሉት ቤት የተጻፈ ግምገማ

ይህን የምጽፈው ልጆች ላሏችሁና ቤታችሁ ሽጉጥ ለገባ ወይም ሊገባ ለተቃረበ ሰዎች ነው። የምገመግመው ሽጉጡን አይደለም። ሽጉጡ የሚቀመጥበትን ትንሽ የብረት ካዝና ነው። ሁለት ገዝተናል። የመጀመሪያውን በሦስተኛው ቀን መለስነው። ሁለተኛው ይኸው ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። ችግር የገጠመን ስለሆነ የብራንዶቹን ስም አልጠራም። ምን ማየት እንዳለባችሁ ግን በደንብ እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ወንዱ ልጃችን 15 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 7። ባለቤቴ ማታ ማታ ኡበር ይነዳል። እኔ ሆም ኬር እሠራለሁ። ከእኛ ሦስት በር አልፎ ያለ ቤት በሌሊት ተሰብሮ ሌባ ከገባ በኋላ ባለቤቴ እንቅልፍ አጣ። «እኔ በሌለሁበት ሰዓት አንቺና ልጆቹ ምን ይውጣችኋል?» አለ። ሽጉጥ እንግዛ አለ። እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግሁት። መሣሪያ ያየሁት ፖሊስ ወገብ ላይ ብቻ ነው። አይገባም አልኩ።

ሁለት ወር ተከራከርን። አሜሪካ በሙሉ የሚከራከርበትን ነገር እኛ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ቆመን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተከራከርንበት። እሱ የሚያነሳው የ2008ቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ሄለር የሚባለውን። እዚሁ ጎረቤታችን ዲሲ ሽጉጥ ታግዶ ነበር። ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያም ጥይቱ ወጥቶ እንዲፈታታ፣ አለዚያም ምላጩ እንዲቆለፍ ሕጉ ያስገድድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ሻረ። ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱን የመከላከል መብት አለው፣ ተፈታቶ የተቀመጠ መሣሪያ ደግሞ ለዚህ አይሆንም ነው ነገሩ። «ሌባው በር ላይ ሆኖ እኔ ቁልፍ ስፈልግ ልገኝ ነው?» ይለኛል ባለቤቴ።

እኔ የማነሳው ኒውፖርት ኒውስን ነበር። ከእኛ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። በጃንዋሪ 2023 አንድ የ6 ዓመት ልጅ የእናቱን ሽጉጥ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ትምህርት ቤት ሄደና አስተማሪውን ክፍል ውስጥ ተኩሶ መታት። አስተማሪዋ በሕይወት ተረፈች። እናቱ ታሰረች። የ6 ዓመት ልጅ! የእኔ ልጅ ያኔ ከእሱ ብዙም አትርቅም ነበር።

በመጨረሻ ሁለታችንም የተስማማንበት አንድ ነገር ተገኘ። ሽጉጡ ይገባል፣ ካዝናው ግን ከሽጉጡ በፊት ይገባል። እኔም ሥልጠና እወስዳለሁ። መኪና ውስጥ የሚባል ነገር የለም። ኡበርም ሊፍትም ለሹፌሮቻቸው መሣሪያ መያዝ ስለማይፈቅዱ እዚያ ላይ ክርክር አልነበረም።

የመጀመሪያው ካዝና ከኢንተርኔት የመጣ ነው። 64 ዶላር። በጣት አሻራ የሚከፈት። ሥዕሉ ላይ ሲያዩት ያምራል፣ አስተያየቱም በኮከብ የተሞላ ነው። ባለቤቴ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ አውራ ጣቱን አስመዘገበ። አረንጓዴ መብራት በራ። ጣቱን ሲያስቀምጥ ተከፈተ። ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። «አለቀ» አለ። ሽጉጡ ገና አልተገዛም፣ ውስጡ ባዶ ነው።

ሴቷ ልጄን ጸጉሯን እየሠራኋት ነበር። ግማሹ ተጎንጉኖ ግማሹ እንደተበተነ ተነሥታ መጣች። ቺፕስ ስትበላ ስለነበር ጣቷ ብርቱካናማ ዱቄት ነክቶታል። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እጇን ያዝኩና ያንን ዱቄት የነካ ጣቷን መብራቱ ላይ አስቀመጥኩት። ቀጭ አለ። ክዳኑ ብድግ አለ።

ሦስታችንም ዝም አልን። ባለቤቴ ትንሿን ጣቱን ሞከረ። ተከፈተ። እኔ ሞከርኩ። ተከፈተ። ልጄ ደስ ብሏት እየሳቀች አሥሩንም ጣቶቿን በተራ አስቀመጠች። በአሥሩም ተከፈተ።

መመሪያውን ካመጣን በኋላ ነው የገባን። ካዝናው ከፋብሪካ ሲወጣ ማንኛውም ጣት እንዲከፍተው ሆኖ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው አሻራ በትክክል እስኪመዘገብ ድረስ ለሁሉም ይከፈታል። ለማስመዝገብ ቁልፉን ተጭኖ ያንኑ ጣት ደጋግሞ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስቀመጠው። ካዝናው ግን ለእሱም ስለተከፈተለት የተመዘገበ መሰለው። ማን ቢሆን ይመስለዋል። ይህ ነገር ለእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በኦክቶበር 2023 የአንድ ሌላ ድርጅት 61,000 ያህል በጣት አሻራ የሚከፈቱ ካዝናዎች ልክ በዚህ ምክንያት ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደርጓል። ከካዝናው በወጣ መሣሪያ የ12 ዓመት ልጅ ሞቷል የሚል ክስም ቀርቦ ነበር። የእኛ ያ ብራንድ አይደለም። በሽታው ግን አንድ ነው።

ሌላም ጉድለት አለው። ብረቱ ስስ ነው። ክብደቱም እንደ ጫማ ካርቶን ብብት ሥር ተይዞ የሚወጣ ነው። ሌባ ሽጉጡን ከነካዝናው ይዞ ሊሄድ ይችላል። መለስነው። ገንዘባችንን ሲመልሱ አላስቸገሩንም።

ሁለተኛውን ፈቃድ ካለው የመሣሪያ ነጋዴ ሱቅ ሄደን ገዛን። ከነታክሱ ከ239 ዶላር በላይ ነው። ውድ ነው። ግን ከሱቅ መግዛታችን በኋላ ጠቀመን፣ እመለስበታለሁ። ይኸኛው የጣት አሻራ የለውም። አራት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፣ በቅደም ተከተል የሚጫኑት። ብረቱ 14 ጌጅ ነው። እዚህ ላይ አትሳሳቱ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል። 18 የሚል ካያችሁ ስስ ነው። ወለሉ ላይ አራት ቀዳዳ አለው፣ ባለቤቴ በድሪል በስቶ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ከግድግዳው እንጨት ጋር በብሎን አሰረው። አሁን ካዝናውን ለመውሰድ ግድግዳውን መንቀል ያስፈልጋል።

የባለቤቴ ጥያቄ ፍጥነት ስለነበር ለካን። መብራት ጠፍቶ፣ ከአልጋ ተነሥቶ፣ ካዝናው እስኪከፈት። እሱ መጀመሪያ 9 ሰከንድ ፈጀበት። እኔ 17። ለሁለት ሳምንት በየማታው ባዶውን ተለማመድን። አሁን እሱ 5፣ እኔ 7 ሰከንድ ነን። «ቁልፍ ስፈልግ ልገኝ ነው?» የሚለውን ክርክር ያቆመው የእኔ ንግግር አይደለም፣ ይህ ሰዓት ነው። ቢፕ የሚለው ድምፁም ይጠፋል፣ ሌሊት ልጆች አይቀሰቅስም።

የማልወደውን ልንገራችሁ። ቁልፎቹ በጨለማ አይበሩም፣ በመዳሰስ ነው። ውስጡ ጠባብ ነው፤ አንድ ሽጉጥና አንድ ካርታ (የጥይት መያዣው)፣ በቃ። ስፖንጁ ለአንድ ወር ይሸታል። ባትሪው ሲደክም የሚሰጠው ምልክት ትንሽ ቀይ መብራት ብቻ ነው፣ ካላስተዋላችሁት ያልፋችኋል። አራት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለአምስት ደቂቃ ይቆለፋል፣ ይህንን ግን እወደዋለሁ።

ትልቁ ችግር መጠባበቂያው የብረት ቁልፍ ነው፣ ያለ ኮዱ ካዝናውን የሚከፍተው። ካዝናው ባዶ ሆኖ ሳለ ለወንዱ ልጃችን «ክፈተው እስቲ፣ ግማሽ ሰዓት አለህ» አልነው። አንድ ቅደም ተከተል ሞከረ፣ ሌላ ሞከረ፣ ሦስተኛም ሞከረ። አልተከፈተም። ተነሥቶ ወጣ። ወደ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ቁልፉን በጣቱ እያንጠለጠለ መጣ። ባለቤቴ ከኮመዲኖው ጀርባ በፕላስተር ለጥፎት ነበር። «ዳዲ ሁሌ ዕቃ የሚደብቀው እዚያ ነው» አለ ልጁ። ልጆቻችን የማያውቁት የመሰለንን ነገር ሁሉ ያውቃሉ።

አሁን አንዱ ቁልፍ ከእኔ ጋር አንገቴ ላይ ከማዕተቤ ጋር ነው። ሌላኛው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ዘንድ ነው።

ስለ ወንዱ ልጄ የምጨነቀው ስለ ሌባ አይደለም። እኛ አበሾች የማናወራውን ነገር ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ከ46 ሺህ በላይ ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከግማሽ በላዩ ራሱን ያጠፋ ነው። ልጅ ይከፋዋል፣ ክፍሉን ይዘጋል፣ በማግስቱ ይስቃል። ያቺ የከፋችው ሌሊት ግን መሣሪያ ካገኘች መመለሻ የላትም። መሣሪያ ከክኒንም ከሌላም ነገር የሚለየው ይህ ነው፣ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። እባካችሁ ትልልቅ ልጆች አሉን፣ ያውቃሉ፣ አንቆልፍም አትበሉ። በዚህ የሚሠቃይ ሰው ካወቃችሁ ወደ 988 የእርዳታ መስመር መደወል ይቻላል።

ሕጉ ላይ የምከፋው እዚህ ላይ ነው። ካዝናውን ስንገዛ የቨርጂኒያ ሕግ የሚለው የጎረሰ መሣሪያ ዝም ብሎ ትቶ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ አደጋ ላይ መጣል ክልክል ነው ነበር። የእኔ ልጅ 15 ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ከገባችሁ ግን ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ይካተታል። ያ ሕግ የተሰየመው በ2018 ግሬት ሚልስ የሚባል ትምህርት ቤት ውስጥ በተገደለች የ16 ዓመት ተማሪ ስም ነው። የገደላት ልጅ 17 ዓመቱ ነበር፣ ሽጉጡም የአባቱ ነበር። እህቴ እዚያ ሽጉጥ ለመግዛት አሻራ ሰጥታ፣ የአራት ሰዓት ሥልጠና ወስዳ፣ ሰባት ቀን ጠብቃ ነው። ባለቤቴ እዚህ ፎርም ሞላ፣ ስሙ ተጣራ፣ በዚያው ቀን ይዞ ወጣ። እኔ የእህቴን መንገድ እመርጣለሁ። እሱ «መንግሥት መኝታ ቤቴ አይገባም» ይላል። እዚህ ላይ እስከዛሬ አልተስማማንም።

ከሱቅ መግዛት ጠቀመን ያልኩት ይህ ነው። ቨርጂኒያ ከ2023 የታክስ ዘመን ጀምሮ ለካዝና ለሚያወጡት ገንዘብ እስከ 300 ዶላር የታክስ ክሬዲት ትሰጣለች። ግን ከፌደራል ፈቃድ ካለው የመሣሪያ ነጋዴ መገዛት አለበት። ያ የ64 ዶላሩ የኢንተርኔት ዕቃ አይቆጠርም ነበር። ደረሰኙን ያዙ፣ ካዝናው ለብቻው ተዘርዝሮ ይጻፍላችሁ። ለዓመቱ የተመደበ ገንዘብ ስላለ ቶሎ አመልክቱ። ተመላሽ አይደለም፤ ከምትከፍሉት ታክስ ላይ ነው የሚቀነሰው። ያንን ሕግ የፈረሙት ያኔ የቨርጂኒያ ገዥ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ያንግኪን ናቸው። እኚሁ ሰው በማርች 2024 ስለ መሣሪያ የወጡ 30 ረቂቆችን በአንድ ቀን ውድቅ አድርገዋል። በዚያ ሁሉ ጠብ መካከል ሁለቱም ወገን የተስማማበት ነገር ይህ ሳጥን መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቤታችንም የተስማማነው በእሱ ነውና። ገንዘቡ ለማይመቻችሁ ደግሞ ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች በሽቦ ገመድ የሚቆልፍ ቁልፍ በነፃ ይሰጣሉ። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ለምን ብሎ የሚመረምራችሁ የለም። ከምንም ይሻላል።

ሽጉጡ በገባ ሳምንት አማቴ ከቢቸና ደወሉ። ባለቤቴ ነግሯቸዋል። የባለቤቴ አባት ምንሽር ነበራቸው፣ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነው ልጆቹ ያደጉት። ይገሥጹታል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጥይቱን የት ነው ያደረጋችሁት?» አሉኝ።

«ከሽጉጡ ጋር እማዬ፣ የሚቆለፍ ብረት ውስጥ።»

«አብሮ?» ዝም አሉ። «እኔ ስምንት ልጅ ሳሳድግ ጠመንጃው የአባታቸው ነበር። ዝናሩ ግን ጎታ ውስጥ ከጤፉ ሥር ነበር። እሳቸው ሲፈልጉ እኔን ይጠይቃሉ።»

በማግስቱ ስለዚህ ነገር ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ሌሊት ሌሊት ካርታው ከሽጉጡ ጋር ነው፣ አልተጎረሰም። ቀን ቀን፣ ቤት ማንም በማይኖርበት ሰዓት ግን ካርታው ወጥቶ ሌላ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ 22 ዶላር። የዚያ ሳጥን ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ቆልፌው እወጣለሁ። ባትሪውን ለእንቁጣጣሽ ቀይሬዋለሁ፣ የሚቀጥለው ለፋሲካ ነው።